ያውቁ ኖሯል? ሐር የገበሩ ሡልጣኖችና ዝሆን ላይ የወጡት ንጉሥ

የዛሬው ዓምዳችን የዐፄ ዓምደ ጽዮን ነው። ከ1314 እስከ 1344 ሠላሳ ዓመት ነግሠዋል። ብዙዎቻችን ስለእርሳቸው የምናስታውሰው «ወደ ምሥራቅ ዘምተው ሡልጣኖችን አስገበሩ» የሚለውን አንድ መስመር ነው። መስመሩ ውሸት የለበትም። ዝርዝሩ ሲታይ ግን የመስቀልና የጨረቃ ጦርነት ብቻ ሆኖ አይገኝም፤ መንገድ፣ ጨርቅ፣ ጨው ባሕር፣ ሹመትና የወንድማማቾች ጠብ አለበት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዐፄ ዓምደ ጽዮን ሲነግሡ ሥርወ መንግሥቱ ገና የ44 ዓመት ጎልማሳ እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? አያታቸው ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን መንግሥት የጣሉት በ1270 ነው። በመሀሉ የነበረው ጊዜ ደግሞ የይኩኖ አምላክ ዘሮች እርስ በርስ ዙፋን ሲነጣጠቁ ያለፈ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ንጉሥ የተረከቡት ዋና ይዞታ ከአማራ፣ ከላስታና ከሸዋ ከፊል ብዙም የራቀ አልነበረም። ትግራይ የራሷ መኳንንት ነበሯት፣ ምሥራቁ የሡልጣኖች ነበር፣ ዳሞትና ጎጃም ደግሞ በራሳቸው አለቆች ይተዳደሩ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ዘመቻዎቻቸው የተመዘገቡት በጦር ታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን በርስት ማስታወሻ ላይ መሆኑንስ? የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የመሬት ስጦታ ጽሑፍ ላይ፣ በ1316 እና በ1317 ንጉሡ ዳሞትንና ሐዲያን ድል እንደነሱ፣ ቀጥለውም ወደ ጎጃም እንደዞሩ ሰፍሯል። ከሐዲያ ብዙ ሕዝብ ተማርኮ ወደ ሌላ አገር ተወስዷል። ልብ ይበሉ፣ ከእነዚህ መሀል ዳሞት ያን ጊዜ የእስልምና አገር አልነበረም፤ የክርስትናም አልነበረም። የወርቅ አገር ነበር። የንጉሡ ጦር መጀመሪያ የነቃነቀው በዚያ አቅጣጫ ነው፤ ከኢፋት ጋር የሚደረገው ትልቁ ፍልሚያ ገና ከዐሥር ዓመት በላይ ይቀረዋል።

ክብረ ነገሥትን ያስተረጎመው ገዢ በእኚሁ በሰሎሞናዊው ንጉሥ ላይ ማመፁን ያውቁ ኖሯል? ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የክብረ ነገሥት ማብቂያ ጽሑፍ እንደሚነግረን መጽሐፉ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በአክሱሙ ይስሐቅና በባልደረቦቹ ነው፤ ያን ጊዜ የእንደርታ ገዢ የነበረው ደግሞ ያዕቢከ እግዚእ ነው፤ ስሙም በበጎ ተጠቅሷል። መጽሐፉ የኢትዮጵያ ነገሥታት ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ መወለዳቸውን የሚያስረዳ ነው። ያስጻፈው ሰው ግን «ሰሎሞናዊ ነኝ» ለሚለው ንጉሥ አልገብርም አለ! ዐፄ ዓምደ ጽዮን ወደ ሰሜን ወጥተው አመፁን ደመሰሱት፤ የእንደርታን የቀድሞ ሹማምንት ማዕረግ ሻሩ፤ አገሩንም በመጀመሪያ ለባለቤታቸው ለንግሥት ብሌን ሳባ፣ ኋላም ለልጃቸው ለባሕር ሰገድ ሰጡ። ከአገሬው ጋር ዝምድና የሌላቸውን ወታደሮችም በአምባ ሰናይት አሰፈሩ። ከኢፋት ሡልጣኖች በፊት የንጉሡን ክንድ የቀመሰው ክርስቲያኑ የትግራይ ባላባት መሆኑ የሚረሳ ነገር አይደለም።

በዚያው የሰሜን ጉዞ ንጉሡ ቀይ ባሕር ደርሰው፣ ዝሆን ላይ ተቀምጠው ወደ ውኃው እንደገቡስ ያውቁ ኖሯል? ይህም የተገኘው በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ ከተጻፈ ማስታወሻ ነው። ቀስትና ጦራቸውን ይዘው ነው የገቡት። ለማን ለማሳየት ነው ቢሉ፣ ለዳርቻው አገር ሁሉ ነው። ባሕር ሰገድም የተሾመው የዚያን የባሕር ዳርቻ አውራጃ እንዲጠብቅ ነው።

ወደ ምሥራቁ እንሂድ።

በዘመኑ ከንጉሡ ደቡብና ምሥራቅ ሰባት እስላማዊ መንግሥታት ይቆጠሩ ነበር፦ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐዲያ፣ ሸርኻ፣ ባሊና ዳራ። ዝርዝሩን የተወልን ኢብን ፈድሉላህ አል ዑመሪ የሚባል የግብፅ ማምሉኮች ቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነው። ኢትዮጵያን አላያትም። የሰማው ከአገሬው ሰው፣ ከሸኽ ዐብዱላህ አል ዘይለዒ ነው፤ ስለ ሸኹ ኋላ እንመለሳለን።

የጦር ብዛቱንም ጽፎልናል። ኢፋት 15,000 ፈረሰኛና ከ20,000 በላይ እግረኛ ነበረው። ባሊ 18,000 ፈረሰኛ፣ ሸርኻ 3,000፣ ዳራ 2,000። ሐዲያ ግን በስፋቱ ከኢፋት ያንሳል ተብሎ ሳለ 40,000 ፈረሰኛ ያሰልፋል። የመካከለኛው ዘመን ጸሐፊ ሠራዊት ሲቆጥር እጁ እንደሚለግስ ይታወቃል፤ ቢሆንም የመንግሥታቱን አንጻራዊ ጉልበት ከዚህ መገመት ይቻላል። ንጉሡ ሐዲያን ቀድመው መያዛቸው ብልህነት እንደነበረ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ከእጅዎ የገባ ፈረሰኛ በሚቀጥለው ዘመቻ ከእርስዎ ጎን ይሰለፋል፤ የሐዲያ ወታደሮችም በኋላ በንጉሡ ሠራዊት ውስጥ ይጠቀሳሉ።

ይኸው አል ዑመሪ ሌላም ነገር ብሏል፦ ሰባቱ ቢተባበሩ ኖሮ ራሳቸውን መከላከል በቻሉ ነበር። አልተባበሩም። የሐበሻው ንጉሥ በሥሩ 99 ነገሥታት አሉት፣ መቶኛው እርሱ ራሱ ነው የሚል ወሬም ካይሮ ደርሶ እርሱ ጽፎታል።

ግብሩ የሚከፈለው በምን እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? በጨርቅ! ሡልጣኖቹ በየዓመቱ ለንጉሡ የሚልኩት ቁርጥ ግብር ከግብፅ፣ ከየመንና ከዒራቅ የሚመጣ የሐርና የተልባ እግር ልብስ ነበር። ደጋው ይህን አይሸምንም። ስለዚህ የንጉሡ ቤተ መንግሥት የሚለብሰው ግምጃ በሙስሊም ነጋዴ ግመል ላይ ተጭኖ፣ በሙስሊም ሡልጣን አገር አልፎ ነው የሚደርሰው። ሡልጣኑን ጨርሶ ማጥፋት ማለት የራስን መደረቢያ መቅደድ ነበር። ለዚህም ይመስለኛል፣ ከእያንዳንዱ ድል በኋላ ንጉሡ ከዚያው ቤት ሌላ ሰው ሲሾሙ የምናየው።

ሹመቱም የንጉሡ ነበር። አንድ ሡልጣን ሲሞት፣ ለመንገሥ የሚመኙ የቤተሰቡ ወንዶች እጅ መንሻቸውን ይዘው ወደ ዐፄው ሰፈር ይወጣሉ። ንጉሡ ከመካከላቸው አንዱን ይመርጣሉ። የተቀሩት ይታዘዙታል። ይህ ሁሉ በአል ዑመሪ የተጻፈ ነው እንጂ የደብተራ ጉራ አይደለም።

ስለ ገንዘብ ካነሣን፦ ኢፋት ውስጥ የሚሠራበት የግብፅ ዲናርና ድርሃም ነበር፤ በሐዲያ ግን መርፌ የመሰለ የብረት ቁራጭ፣ ሐኩና የሚባል ነበር መገበያያው። በባሊ ደግሞ ገንዘብ የለም፤ ላም በበግ፣ እህል በጨርቅ መለዋወጥ ነው።

ኢፋት ለምን የጠቡ ሁሉ እምብርት ሆነ? ካርታ ይክፈቱ። ከሸዋ ተራሮች ምሥራቃዊ ቁልቁለት እስከ ዘይላ ወደብ የሚወርደው የሲራራ መንገድ ያለው በእርሱ እጅ ነው። የኢፋት ገዢ የሆነው የወለስማዎች ቤት በ1285 የሸዋን የመኽዙሚዎች ሡልጣኔት ውጦ ሲነሣ መንገዱንም ወረሰ። ዘይላስ ምን ትመስል ነበር? ታላቁ ተጓዥ ኢብን ባጡጣ በዚያው በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን መርከብ ላይ ሆኖ ደረሰባት። ገበያዋ ትልቅ ነው አለ። ግን ከአሣው ብዛትና በየመንገዱ ከሚታረደው ግመል ደም የተነሣ ግማቷን አልቻልኩም ብሎ፣ ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ ከተማው ውስጥ አላድርም አለና መርከቡ ላይ አደረ። ነገሥታት ደም ያፈሰሱበት መንገድ መጨረሻው ይህ ነበር።

ጦርነቱ የተቀሰቀሰው በአንድ መልእክተኛ ሞት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ነገሩ ከካይሮ ይጀምራል። በ1321 በግብፅ አብያተ ክርስቲያናት ፈረሱ፣ ተቃጠሉ። ዐፄ ዓምደ ጽዮን ወደ ሡልጣን አል ናስር ሙሐመድ መልእክተኞች ላኩ፦ አብያተ ክርስቲያናቱን አድሱ፣ ቅብጦችን በክብር ያዙ፤ አለዚያ በአገሬ ያሉትን መስጊዶች አፈርሳለሁ፣ ዓባይንም ከመንገዱ አዞራለሁ። የግብፁ የታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ እንደሚለው ሡልጣኑ ሰምቶ ሳቀና መልእክተኞቹን ባዶ እጃቸውን አሰናበተ። የዓባይ ዛቻ ስንት ዘመን እንዳስቆጠረ የሚጠይቅ ካለ፣ ቢያንስ ሰባት መቶ ዓመት ነው መልሱ።

ቆየት ብሎ፣ በ1320ዎቹ መጨረሻ፣ ትእየንታይ የተባለ የንጉሡ መልእክተኛ ከካይሮ ሲመለስ በኢፋቱ ሡልጣን በሐቀዲን እጅ ወደቀ። እንዲሰልም ተጠየቀ፤ እምቢ አለ፤ ተገደለ። ዐፄው ወዲያው ዘመቱ፤ ኢፋትን ዘረፉ፣ አቃጠሉ፤ ከዚያም የሐቀዲንን ወንድም ሰብረዲንን ሾሙ። ይህን ስም ይያዙት።

ስለ ጫት የተጻፈው የመጀመሪያው የአገራችን ማስረጃ የጦር ዛቻ ውስጥ እንደሚገኝ ያውቁ ኖሯል? ሰብረዲን በ1332 አመፀ። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፣ የንጉሡን ሀብት ያዘ፣ ገና ላልያዛቸው አውራጃዎች ሁሉ ሹም ሾመ። ከዚያም የንጉሡን መናገሻ መርዓዴን የራሴ መቀመጫ አደርጋለሁ፤ ሙስሊሞች ስለሚወዱት ጫት እተክልባታለሁ አለ። ደብተራው ይህን የጻፈው የድፍረቱን መጠን ለማሳየት ነው። ለእኛ ግን የተክል ታሪክ ሆኖ ቀርቷል።

አል ዑመሪም በዚያው ዘመን ስለ ጫት ጽፏል፤ እንቅልፍ እንደሚቀንስ፣ አእምሮ እንደሚያነቃ። እግረ መንገዱንም አንድ የየመን ንጉሥ ታሪክ ያጫውተናል። አል ሙአየድ ዳውድ ይባላል። አንድ የሐበሻ ሰው ቤተ መንግሥቱ ገብቶ ሞገስ ካገኘ በኋላ የጫት ችግኝ ከአገሩ እንዲመጣ ፈለገ። ንጉሡ «ጥቅሙ ምንድን ነው?» ቢለው የምግብ፣ የመጠጥና የሴት ፍላጎት ያጠፋል ተባለ። ንጉሡም ሀብቴን የማፈሰው በእነዚሁ በሦስቱ ላይ አይደለም ወይ፣ ሌላ ምን ደስታ አለና ነው ብሎ አልነካውም አለ። ከሰብረዲን ዛቻ ይልቅ ይህ ሰው ይበልጥ ያሳምነኛል።

ተሸናፊው ሡልጣን ምሕረት የለመነው በንግሥቲቱ በኩል መሆኑንስ? ንጉሡ ከየካቲት ጀምሮ ሠራዊታቸውን ነድተው ከወረዱ በኋላ ሰብረዲን መቋቋም አቃተው። መልእክቱን የላከው ወደ ንግሥት ዣን መንገሻ ነው። አጥፍቻለሁ፣ እጄን እሰጣለሁ፣ አማልጂኝ አለ። ንግሥቲቱ ለመነችለት። ንጉሡ መጣም አልመጣም ሳላገኘው ወደ ቤቴ አልመለስም የሚል መልስ ላኩ። ሰብረዲን መጣ፤ ታሰረ፤ የኢፋት ሹመት ለወንድሙ ለጀማለዲን ተሰጠ።

የደዋሮው ገዢ ሐይደርም ከሰብረዲን ጋር መክሮ ነበር። የሐዲያው ንጉሥ አማኖ ደግሞ ግብር ይዞ አልወጣም ያለው በልዓም በተባለ ነቢይ ነኝ ባይ ምክር ነው፤ አትፍራ፣ ታሸንፋለህ ብሎት ነበር። አማኖ ተማረከ። በልዓም ግን ወደ ኢፋት አመለጠ።

ወታደሩ «ክረምት ገባ፣ አገራችን እንግባ» ብሎ ማጉረምረሙን ያውቁ ኖሯል? ዜና መዋዕሉ የድል መዝሙር ቢሆንም ይህን አልደበቀም። ዝናቡ ወርዷል፣ ቆላው ጭቃ ሆኗል፣ ቤት ርቋል። ንጉሡ ተቆጡ፤ ያመፁት ሳይገብሩ ንቅንቅ የለም አሉ። እኔ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ በጣም የማምነው ይህን ክፍል ነው፤ የጌታውን ክብር ለመጨመር ብሎ ወታደር ሲያጉረመርም የሚፈጥር ጸሐፊ የለም።

ከዚያ የከፋው መጣ። የአዳል ነገሥታትና መኳንንት በቃዲ ሷሊሕ አስተባባሪነት ተሰበሰቡ። ዜና መዋዕሉ ይህን ሰው ሙስሊሞቹ እንደ ጳጳስ የሚያከብሩትና የሚፈሩት ነበር ይለዋል። አዲስ የተሾመው ጀማለዲንም ወንድሙን ተክቶ ብዙም ሳይቆይ ከእነርሱ ጋር አበረ። ንጉሡ በዚህ ጊዜ በጠና ታመው ተኝተዋል፤ ለቀናት እህል አልቀመሱም። ጠላት ቀርቧል ሲባል ተነሥተው ትጥቃቸውን ለመታጠቅ ሞከሩ፤ ጉልበት ከዳቸው፣ ወደቁ። አስታጠቋቸውና ወጡ። ውጊያው ሲጋጋል አንድ የጠላት ጦረኛ እስከ እርሳቸው ዘልቆ በሰይፍ ሰነዘረ፤ መታጠቂያቸውንና የጦር ልብሳቸውን ቆረጠው፣ ገላቸው ግን አልተነካም። ዞር ብለው በጦር ገደሉት። የዜና መዋዕል ጸሐፊ ጌታውን እንደሚያሞግስ ሳልረሳ፣ የመታጠቂያው መቆረጥ ከሰማይ የወረደ መልአክ ከሚያመጣ ተረት ይሻላል እላለሁ።

ቃዲ ሷሊሕ ተይዞ ተገደለ። የአዳል ንጉሥም በዚሁ ዘመቻ ወደቀ። ጀማለዲን ተሽሮ የኢፋት መንበር ለሦስተኛው ወንድም፣ ለነስረዲን ተሰጠ። ቁጥሩን ይከተሉ፦ ሐቀዲን፣ ሰብረዲን፣ ጀማለዲን፣ ነስረዲን። ከአንድ ቤት አራት ሰው፤ ሦስቱ በዐፄው የተሾሙ፣ ሁለቱ ከተሾሙ በኋላ የከዱ። የወለስማ ቤት ልጆች ጠባቸው ከንጉሡ ጋር ብቻ ነበር ማለት ይከብዳል።

በዚያው ዘመን ሌላ ግንባር እንደነበረም ያውቁ ኖሯል? ንጉሡ በምሥራቅ ሳሉ የበጌምድሩን ገዢ ጸጋ ክርስቶስን ወደ ሰሜን፣ ወገራ፣ ጸለምትና ጸገዴ ልከዋል፤ በዚያ ያሉትን የአይሁድን እምነት የያዙ ሕዝቦች እንዲወጋ። ዜና መዋዕሉ ቀድሞ ክርስቲያን ነበሩ ብሎ ይወነጅላቸዋል። ዛሬ ዘሮቻቸው በብዛት የሚኖሩት በእስራኤል ነው።

የራሳቸው ቤተ ክርስቲያንስ ምን አለቻቸው? ገረፏት። አባ አኖሬዎስ ንጉሡን የአባታቸውን ሚስት አግብተዋል ብለው ፊት ለፊት ወቀሷቸው። አባ አኖሬዎስ ተገረፉ፤ ሌሎችም መነኮሳት ወደ ሩቅ አገር ተጋዙ። በገድላት እንደተጻፈው ከግርፋቱ የፈሰሰው ደም እሳት ሆኖ የንጉሡን ሰፈር አቃጠለ። ሃይማኖት ጠባቂ የሚባሉት ንጉሥና ሃይማኖተኞቹ እንዲህ ነበር የሚኗኗሩት። የተጋዙት መነኮሳት በየደረሱበት አስተማሩ፣ ገዳም ተከሉ፤ ንጉሡ ሳያስቡት ስብከት አስፋፉ።

የዘመቻውን ታሪክ የያዘውን የግእዝ ጽሑፍ አውሮፓውያን ገና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን እንዳጠኑት ያውቁ ኖሯል? ጀርመናዊው ዲልማን በ1884፣ ፈረንሣዊው ፔሩሾን በ1889፣ እንግሊዛዊው ሃንቲንግፎርድ በ1965 ሠርተውበታል። በዓመቱ ግን አልተስማሙም። ሃንቲንግፎርድ ዘመቻው በ1329 ነው ሲል ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት 1332 ይላሉ። እኔ ከላይ የሄድኩት በፕሮፌሰሩ ነው። ጽሑፉ ዛሬ ባለው መልኩ የተቀናበረው ከንጉሡ ዘመን በኋላ ነው የሚሉ ሊቃውንትም አሉ።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ብቻ። ቀደምት ከሚባሉት የአማርኛ ጽሑፎች መካከል ወታደሮች ለነገሥታቱ የዘፈኗቸው የውዳሴ ግጥሞች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ለዐፄ ዓምደ ጽዮን ነው። ግእዝ የደብተራው ሆኖ፣ ጦር ሜዳው አማርኛ ይናገር ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ሸኽ ዐብዱላህ አል ዘይለዒ እንመለስ፤ የዚህን ዘመን ግራ የሚያጋባ ጠባይ ከእርሱ በላይ የሚያሳይ ሰው አላገኘሁምና። ከ1332 በኋላ ባሉት ዓመታት ሸኹ ካይሮ ተቀመጠ። የሄደው የተሸነፉት ሙስሊሞች አቤቱታ ይዞ ነው። ግን የሡልጣኑን ጦር አልጠየቀም። የጠየቀው የእስክንድርያው የቅብጥ ፓትርያርክ ለሐበሻው ንጉሥ ደብዳቤ እንዲጽፉለት ነው፤ በእስላሞቹ አገር ላይ የሚያደርገውን እንዲተው። ለምን ቢሉ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚመጣላት ከእስክንድርያ ብቻ ነበር፤ ንጉሡ የማይንቁት የካይሮ ሰው ፓትርያርኩ ናቸው። ሡልጣኑ አዘዘ። ፓትርያርኩ ጻፉ። አል ዑመሪም የደብዳቤውን አጻጻፍ አደነቀ። ሙስሊሙ ሸኽ፣ በሙስሊሙ ሡልጣን ትእዛዝ፣ በክርስቲያኑ ፓትርያርክ ብዕር ለክርስቲያኑ ንጉሥ። ይህን ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ ያወቁ ሰዎች ጎረቤታቸውን በደንብ ያውቁት ነበር።

ሸኹ ካይሮ ሳለ ስለ ሐዲያ የነገረውም አለ። በባርነት የተያዙ ወንዶች ልጆች ዋሽሉ ወደምትባል ከተማ ተወስደው ይሰለባሉ፤ ከዚያ ሐዲያ ሄደው ይታከማሉ። ብዙዎቹ በመንገድ ያልቃሉ። የአምሐራው ንጉሥ ይህን አጥብቆ ይከለክላል ይላል። መከልከሉን እንጂ መቆሙን አልጻፈም።

የኢፋት ከተማ ፍርስራሽ እስካሁን መኖሩንስ ያውቁ ኖሯል? በሸዋ ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ ኖራና አስባሪን የመሰሉ የድንጋይ ከተሞች ከመስጊዶቻቸውና ከመቃብሮቻቸው ጋር ቆመዋል። የፈረንሣይ አርኪዮሎጂስቶች ከኢትዮጵያውያን ጋር አጥንተዋቸዋል፤ የወለስማዎች መቃብርም ተገኝቷል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ በሸዋ ሮቢት ሲያልፍ ከእነዚህ ቦታዎች ብዙም አይርቅም።

የዓምደ ጽዮን ድል ጉዳዩን አልጨረሰውም። ከወለስማዎቹ ሰዓደዲን በዘይላ ፊት ባለች ደሴት ኋላ በነገሡ ዐፄ ጦር ተገደለ፤ ደሴቲቱ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። ልጆቹ ወደ የመን ሸሹ፣ ተመለሱ፣ በአዳል አገር አዲስ መንግሥት አቆሙ። ከእነርሱ አንዱ በድላይ በ1445 ጎሚት ላይ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ተዋግቶ ወደቀ። የበድላይ ልጅ መሐመድ ከዐፄ በእደ ማርያም ጋር ታርቆ ገበረ። በ1529 ደግሞ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት መጣ፤ ያ የሌላ ቀን ዓምድ ነው።

ሐዲያስ? በ1316 ሕዝቧ ተማርኮ የተነዳባት፣ አማኖ ግብር አልወስድም ብሎ የተያዘባት ሐዲያ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ አንዲት ልጇን ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዳረች። የገራድ መሐመድ ልጅ ናት፤ እቴጌ እሌኒ። ዘርዐ ያዕቆብ ሲሞቱ ክብሯ አልተነካም፤ ነገሥታት እየመጡ ሲሄዱ እርሷ ቆየች። ልብነ ድንግል በልጅነታቸው ሲነግሡ መንግሥቱን በሞግዚትነት የያዘችው እርሷ ነበረች። ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላከችውም እሌኒ ናት፤ ማቴዎስም በ1514 ሊዝበን ደረሰ።